የአምስተኛው ሰው አልጋ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 13፣ 1965

የቅርጫት ኳስ ልምምድ ጀመርን። በቶሌዶ ቡድን ዘጠነኛ ዓመቴ። ሚዛን ላይ ስወጣ ስምንት ፓውንድ ጨምሬ ተገኘሁ… ሚስቴ ኢርማ ናት ያወፈረችኝ። የለም፣ ኢርማ አበሰለች እንጂ አላጎረሰችኝም። ጥፋቱ የኔው ነው።

ወጌሻችን ፒት እንደ ልማዱ እግሬን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁርጭምጭሚቴን በፕላስተር ጠቀለለልኝ።

«ይሄ እግር አርጅቷል፣ ዶልፍ።»

«አንተስ? አንተን ማን አባረረህ?»

ስምንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስንባባል ኖረናል። አሁንም እንስቃለን።

ከዚያ ወደ ሜዳ ወጥቼ ቆጠርኩ። ልማድ ሆኖብኛል። ሌላው ተጫዋች መጀመሪያ የሚያየው ቅርጫቱን ነው። እኔ መጀመሪያ ጥቁሮቹን እቆጥራለሁ። እኔ። ካልቪን። ሆሬስ። ጀምስ። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀጭን ልጅ፣ ከሉዊዚያና የመጣ፣ ዌንደል ስትራውደር የሚባል…

አምስት።

ሆሬስም ቆጥሯል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 14

ልጁ ይጫወታል። ይጫወታል ብቻ? ሁለቴ አለፈኝ። በሁለተኛው ዞር ብዬ ስፈልገው ቅርጫቱ ሥር ደርሷል። ኳሷን አግብቶ ተመለሰና «ይቅርታ ሚስተር ቲግ፣ አልገፋሁዎትም?» ይለኛል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ አይቼ አላውቅም።

«አንቱ አትበለኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው እንጂ መቶ አይደለም።»

«እሺ፣ ሚስተር ቲግ።»

የሚጫወተው በኔ ቦታ ነው። ሌላ ቦታ ጠፍቶ!

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 15

ይህን ነገር ለራሴ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

ቡድኑ ከከተማ ሲወጣ በአንድ ክፍል ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምናድረው። ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር። እንዲህ ይሁን ብሎ በወረቀት ያሰፈረ ሰው የለም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ስለዚህ የጥቁሮቹ ቁጥር ለሁለት መካፈል አለበት። እኔ በ57 ስመጣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ሆቴሎቹም አይቀበሉኝም፣ በየከተማው የቤተ ክርስቲያን ሰው ቤት ነበር የማድረው። በማግስቱ ዓመት ካልቪን መጣ፣ ሁለት ሆንን። በ62 ሆሬስና ጀምስ በአንድ ቀን መጡ፣ አራት ሆንን። እንደ ጫማ ጥንድ ጥንድ እየሆንን ነው የምንገዛው።

ነጮቹስ? ሰባት ናቸው። ሰባት ለሁለት ይካፈላል? የሚተርፈው ሰው፣ ኮዝሎቭስኪ፣ ከወጌሻው ከፒት ጋር ያድራል። በዚህ ምክንያት አንድም ቀን ወደ ቤቱ የተላከ ነጭ የለም። ነጭ ሲተርፍ አልጋ ይፈለጋል። ጥቁር ሲተርፍ የመመለሻ ትኬት ይቆረጣል።

በ61 ሦስተኛ ሆኖ የመጣ ሰው ነበር። ሌስተር። ስለ ሌስተር ዛሬ አልጽፍም።

በኔ ቦታ የምንጫወተው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ኮዝሎቭስኪና ልጁ። ቡድኑ ውስጥ የሚቀሩት ሁለት ናቸው። ኮዝ ከሦስታችን ቀርፋፋው ነው፣ ራሱም አይክድም። ግን ከአዳራሹ አራት መንገድ አልፎ ተወልዶ ያደገ የፖላንዶች ልጅ ነው፣ ግማሹ ተመልካች የአክስቱ ልጅ ነው። በዚያ ላይ አልጋ አለው። እንግዲህ ወይ እኔ፣ ወይ ልጁ። ከኳስ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም…

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 16

ዛሬ አንድ ነገር አደረግሁ።

ለሁለት ተከፍለን ስንጫወት ልጁ ከኔ ጋር ደረሰው። ሦስት ጊዜ ቅርጫቱ ሥር ብቻውን ሆኖ እጁን ዘረጋ። ሦስቱንም ጊዜ አየሁት። ሦስቱንም ጊዜ ኳሷን ለሌላ ሰጠሁ። አሠልጣኙ ማኮርድ ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ምን ብሎ ይሆን? «ልጁ ራሱን ነፃ አያደርግም» ብሎ ነዋ!

መልበሻ ክፍል ሆሬስ አጠገቤ ተቀመጠ። ሆሬስ ሁለት ሜትር ከአምስት ነው፣ ሲቀመጥ አግዳሚው ይጮኻል። ሦስት ዓመት አብሬው አድሬያለሁ፣ የምደብቀው የለኝም።

«አየሁህ» አለ።

«ምን አየህ?»

«ያየሁትን ታውቀዋለህ።»

ካልሲውን ማውለቅ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 18

ማኮርድ ቢሮው አስጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ያ ነው የሚያስቸግረው። ውሃ ቀዳልኝ።

«አንተ አትስጋ ዶልፍ። ቦታህ አለ።»

ውሃውን ጠጣሁ።

«ልጁ ግን አንድ ዓመት ሌላ ቦታ ተጫውቶ ቢመጣ ይሻለዋል። ካንተ ቢሰማው ይቀለዋል። ያከብርሃል።»

«ምን ብዬ ልንገረው?»

«ገና ነህ፣ አልበሰልክም በለው።»

«በስሏል እኮ፣ ኮች።»

«አውቃለሁ» አለ እስክሪብቶውን እያገላበጠ። «ትኬት የሚገዛውን ሰው አስበው። ራሱን የሚመስል ልጅ ሜዳ ላይ ማየት ይፈልጋል። የቡድኑ ባለቤት ሚስተር ሄስ የሚሉት ይህንን ነው። ዘንድሮ አምስት፣ ከርሞ ስድስት፣ ከዚያ ሰባት… መጨረሻው የማን ቡድን ሊባል ነው?»

«የቶሌዶ» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔም እምቢ ሳልል ወጣሁ። እውነቱን ልጻፍ እንጂ፣ እዚህ ማን ያየኛል? «ቦታህ አለ» ሲለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ንዴቱ የመጣው ደረጃው ላይ ስደርስ ነው። ደስታው ቀድሞ በመድረሱ ነው ራሴን የጠላሁት።

ለኢርማ ነገርኳት። የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። ቀና ሳትል «እና አንተ ውሸት አድራሽ ፖስተኛ ሆንክ?» አለችኝ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 19

ሌስተር ብሮድናክስን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አገኘሁት። ሌላ ጊዜ ራቅ ብለን እጅ እንነሳሳለን። ዛሬ እኔው ሄድኩበት። መስታወት ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ክንዱ ላይ የእሳት ጠባሳ በዝቷል። ያ ክንድ! በዚህ ከተማ ከሱ የተሻለ ወርዋሪ እስከ ዛሬ አላየሁም።

«አምስት ሆናችሁ አሉ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንስ ያልነገረኝ አለ? ማንኛችሁ ነው ተሸኚው?»

«ልጁ።»

«ማን ይነግረዋል?»

መሬት መሬቱን አየሁ። ሌስተር ሳቀ፣ ግን ዓይኑ አልሳቀም።

«አንተ! አይ ዶልፍ… የኔን ቀን ታስታውሳለህ? እኔ ሻንጣዬን ስሸክፍ አንተ ጫማህን ታስር ነበር። አንዲት ጫማ ለማሰር ሩብ ሰዓት ፈጀብህ።»

«ሌስተር፣ እኔ…»

«ዝም ማለት ትችልበታለህ። አሁንም ዝም በል። የለመድከው ነው።»

ሚስቱ ጠራችውና ሄደ።

ጫማዬን… አዎ፣ አስር ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሰው አላየኝም ብዬ ነበር። መኪና ውስጥ ኢርማ «ምን አለህ?» ብትለኝ «እውነቱን» አልኳት።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 20

ለልጁ ዛሬም አልነገርኩትም። ኳሷን ግን አቀበልኩት። አሥራ አንድ ጊዜ። ቆጥሬያለሁ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 21

ነገርኩት። ማኮርድ ንገረው ያለኝን ሳይሆን ሁሉንም ነገርኩት። ሰው ከወጣ በኋላ ባዶው የተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጠን አልጋውን፣ ጥንዱን፣ ሌስተርን…

ጉልበቱን አቅፎ አዳመጠኝ። «ስለዚህ ከእርስዎ ብበልጥ እርስዎ ይሄዳሉ። ካልበለጥኩ እኔ እሄዳለሁ። ኮዝ ግን ቢበልጥም ባይበልጥም ይቀራል።»

«ገብቶሃል።»

«በአልጋ ምክንያት?»

«በአልጋ ምክንያት።»

ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። «እኛ ቤት እኮ ስድስት ወንድማማቾች በሁለት አልጋ ነው ያደግነው! ይንገሩልኝ፣ እኔ ሲሶ አልጋ ይበቃኛል።»

እኔም ሳቅሁ። ሲበቃው ስለ ቤቱ አወራኝ። እናቱ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች። ቄሱ ስሙን ጠርተው ጸልየውለታል። ሳይሳካለት ከተመለሰ መጀመሪያ የሚያገኘው የነዳጅ ማደያውን ሰውዬ ነው አለ፣ ያ ሰውዬ «በሁለት ሳምንት ትመለሳለህ» ብሎታል።

ከዚያ ቀጥ ብሎ አየኝ። «ሐሙስ ዕለት ኳሷን ሆን ብለው ነው የከለከሉኝ?»

መዋሸት እችል ነበር።

«አዎ።»

«አውቄያለሁ። ለእርስዎ ማፈር ከብዶኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። «እሺ» አለ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ከኔ በላይ ያውቅበታል።

አልሄድም። እሱም አይሄድም። እንዴት እንደሆነ አላውቅም… ግን አንሄድም!

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 23

ከልምምድ በኋላ ሆሬስ ቤት ተሰበሰብን፣ አራታችን። ሚስቱ ዓሣ ጠበሰችልን። ዓሣው እስኪያልቅ ሁላችንም ጨዋ ነበርን። ከዚያ ተጨቃጨቅን።

እኔ፣ ልጁ በአልጋ ምክንያት ከተባረረ አራታችንም አውቶቡስ አንሣፈር አልኩ።

ካልቪን ሹካውን አስቀመጠ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። ለማላውቀው ልጅ ብዬ ቤቴን አልበትንም።»

«አምና በምሥራቅ አንድ ቡድን አምስት ጥቁር ይዞ ጨዋታ ጀመረ» አለ ሆሬስ። «ምን መጣ? ሰማይ ተደፋ?»

«እነሱ ዋንጫ አላቸው። እኛ ምን አለን?»

«እኔ አለኋችሁ።»

ጀምስ እንኳ ሳቀ። ጀምስ በዓመት ሁለቴ ነው የሚስቀው።

ካልቪን ግን አልለቀቀም። «አምስት ስንሆን ስድስት እንሆናለን። አንድ ቀን ነጩ ይሄ የኛ ጨዋታ አይደለም ብሎ ይቀራል። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ማን ይከፍለናል? አስባችሁታል?»

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። ብቻዬን ስመጣ ሁለት ከሆኑ ሰው ይቀራል አሉ። ሁለት ስንሆን አራት ከሆኑ አሉ። ያ ተመልካች የት ቀረ? ቁጭ ብሎ ፈንዲሻውን ይበላል! እኛን ማንም አዝኖልን አላመጣንም አልኩት። በየሰፈሩ ሲሚንቶ ላይ ስንጫወት አድገን ተሽለን ስለተገኘን ነው የመጣን። ነገ ደግሞ ከሌላ አገር የሌላ ቀለም ሰው ተሽሎ ከመጣ ይምጣ። ሜዳ ላይ ያሸንፈኝ፣ እጁን ጨብጬ እወጣለሁ። በአልጋ ግን አልወጣም።

ሆሬስ እሺ አለ። ጀምስ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ካልቪን ኮቱን ለበሰ።

«ልጆቼን አይቼ ልምጣ» ብሎ ሄደ። ምን ማለቱ ነው?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 25

ለወዳጅነት ጨዋታ ኢንዲያና ወጣን። አሥራ አንድ ተጫዋች፤ ስድስት ነጭ፣ አምስት እኛ። ኮዝ ጉልበቱን አሞት ቀርቷል።

ሆቴሉ መግቢያ ላይ የክፍል ዝርዝሩ ተለጥፏል። ነጮቹ በሦስት ክፍል። እኔና ሆሬስ። ካልቪንና ጀምስ። ፒት ለብቻው፣ ሁለት አልጋ ባለው ክፍል። የዌንደል ስም የለም። ማኮርድ ጠጋ ብሎ «ላንተ ከከተማው ወዲያ ማዶ አንዲት መበለት ቤት ቦታ አግኝተንልሃል። ደህና ሴት ናት አሉ፣ ምግቧም ጥሩ ነው» አለው።

ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለስኩ። መበለቲቱን ያየኋት መሰለኝ! ልጁ ሻንጣውን አነሣ፣ ሊሄድ ነው። «እሺ ኮች» ሊል አፉን ሲከፍት ቁልፌን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ሁለት መቶ ዐሥራ አራት። ሆሬስ በመስኮቱ በኩል ነው የሚተኛው፣ አትከራከረው።»

«አንተስ?» አለ ማኮርድ።

«እኔ የተረፍኩት ሰው ነኝ። አልጋ ፈልግልኝ።»

ሻንጣዬን ሆቴሉ መሐል፣ ከእንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት አስቀምጬ ተቀመጥኩበት። ወንበር ነበር፣ አልፈለግሁም። ሰው ሁሉ ዞሮኝ ያልፋል። ሁለቱ ጋዜጠኞች ቡናቸውን ይዘው መጡ። «ምን ሆነህ ነው ዶልፍ?» «አልጋ እየጠበቅሁ ነው።» «ክፍል አልደረሰህም?» «ኮችን ጠይቁት።» ማኮርድ እንደ ቲማቲም ቀላ። እየተመላለሰ በጆሮዬ «አታዋርደኝ» ይለኛል። «ሴትየዋ ቤት አንተ ሂዳ ኮች፣ ምግቧ ጥሩ ነው አሉ» አልኩት።

አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ወገቤ ተቆረጠ፣ ግን አልተነሣሁም። ሌላው ሁሉ ወጥቶ ሲያየኝ ፒት ወረደ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እላዬ ላይ ቆመ።

«ተነሥ። ወገብህ ሲያዝ የማሸው እኔ ነኝ።»

«አልጋ የለኝም።»

«እኔ ዘንድ አንድ አለ።»

«ፒት፣ ተው» አለ ማኮርድ።

«ስምንት ዓመት ሙሉ እግሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ኖሬያለሁ» አለ ፒት። «እግሩ በአንድ ክፍል ውስጥ ቢተኛ ምን ይሆናል? ያው እግር ነው።»

ሻንጣዬን ራሱ አነሣ። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። እንዳይሸከም ብታገል እምቢ አለኝ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 26

ፒት ያንኮራፋል። ኮዝ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻለው?

ትናንት በአሥር ነጥብ አሸነፍን። ልጁ ሃያ ሁለት ነጥብ አገባ። ካገባቸው ኳሶች ዘጠኙን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 29

ሚስተር ሄስ ስለ ሆቴሉ ጉዳይ ጋዜጣ ላይ አንብበው ተቆጡ። ወጌሻ ከተጫዋች ጋር ማደሩ ከእንግዲህ ይቅር አሉ። ስምንት ዓመት ኮዝ ከፒት ጋር ሲያድር ወጌሻ አልነበረም?

ሆሬስ፣ ጀምስና እኔ ማኮርድ ቢሮ ገባን። በሩን ልዘጋ ስል የሆነ እግር ከለከለኝ። ካልቪን።

እኔ ልናገር ያዘጋጀሁት ነበረኝ፣ በአፌ ሳመላልሰው ነው ያደርኩት። ካልቪን ቀደመኝ።

«ኮች፣ የልጁ ጨዋታ አላማረህም በልና አባረው፣ ዝም እንላለን። አልጋ የለም ብለህ ካባረርከው ግን አራታችንም አውቶቡሱ ላይ አንወጣም። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ይህን ስልህ አስቤበት ነው።»

ማኮርድ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔንም እኮ ያባርሩኛል።»

«እንግዲያው ካንተ ጋር ስድስት እንሆናለን» አለ ሆሬስ። «ስድስት ለሁለት ይካፈላል።»

ማኮርድ ሳይወድ ሳቀ። ግን ምንም ቃል አልሰጠንም። ስንወጣ ካልቪንን ክንዱን ያዝኩት። «ልጆቼን ጠየቅኋቸው» አለኝ። «ትልቁ፣ ታዲያ ልጁ የት ይተኛ ብሎ ጠየቀኝ።»

ሰኞ፣ ኦክቶበር 4

ወሬ የለም። ምግብ አልወርድ አለኝ… ሚዛን ላይ ስወጣ ስድስት ፓውንድ ቀንሻለሁ። ለፒት ስነግረው «ቀድመህ አምፀህ ቢሆን ኖሮ ቀድመህ ትከሳ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። አራት ዓመት ዘግይቻለሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 8

ዝርዝሩ ወጣ። አሥራ አንድ ስም።

ሁለቴ አነበብኩት። ሆሬስ፣ ካልቪን፣ ጀምስ፣ ስትራውደር፣ ቲግ። አምስታችንም አለን። ኮዝሎቭስኪ የለም።

መጮህ ፈልጌ ነበር። ዞር ስል ኮዝ ሳጥኑን ባዶ ሲያደርግ አየሁት። ጫማዬን… ላስር? አይሆንም! ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«አትዘንልኝ» አለ። «ጉልበቴ ድኖ ከተመለስኩ ጀምሮ በቀን ሦስቴ ያልፈኛል ያ ሰይጣን ልጅ። ጭጋግ ውስጥ የማሳድደው ነው የሚመስለኝ፣ ወዲህ ስፈልገው ወዲያ ይገኛል።»

«ጥሩ ጓደኛ ነበርክ።»

«ነበርኩ። ደስ አላለኝም፣ አልዋሽህም። አባቴም ይሰድባችኋል፣ ሁላችሁንም። ግን ሜዳ ላይ ነው የተሸነፍኩት።» ሻንጣውን ዘጋና እጁን ሰጠኝ። «ፒት ያንኮራፋል፣ ነግሮሃል?»

«ሰምቼዋለሁ።»

ሻንጣውን እስከ በሩ ድረስ ያዝኩለት። ለሌስተር ይህን እንኳ አላደረግሁለትም።

ዌንደል ለእናቱ ስልክ ደወለ። ጩኸቷ መልበሻ ክፍሉ ድረስ ተሰማ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 16

በሜዳችን የመጀመሪያው ጨዋታ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ስማችን ሲጠራ ከላይ ጮኹ፦ «ኮዝን መልሱ!» የአክስቱ ልጆች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። አንዱ ግን ከፊት ተቀምጦ፣ ከረባት ያሰረ፣ «የኛ ቡድን የታለ?» አለ። በጣም አልጮኸም። እንድንሰማው ብቻ ነው ያለው።

አምስት ደቂቃ ሲቀር ሁለት ነጥብ ተመርተናል። ማኮርድ አግዳሚውን አየ። ወደ ተመልካቹ አየ። እንደገና አግዳሚውን አየ። ከዚያ «ዶልፍ» አለ።

ገባሁ። ሜዳው መሐል ስደርስ ነው የገባኝ… ሆሬስ፣ ካልቪን፣ ጀምስ፣ ዌንደል፣ እኔ። አዳራሹ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ በስምንት ዓመት አልሰማሁም። ሆሬስ «ቆጠርክ?» አለኝ። «ቆጠርኩ።» «በቃ፣ አሁን ተጫወት።»

በሰባት ነጥብ አሸነፍን። የመጨረሻዋን ለዌንደል አቀበልኩት፣ ሳያየኝ ነው የተቀበለኝ። ስወጣ ባለከረባቱ ፊት ቆምኩ። ቆሞ ያጨበጭባል! እጁ እያጨበጨበ ፊቱ ግን እንዳኮረፈ ነው። «የጠየቅኸኝ ቡድን ይኸው» አልኩት።

ከበሩ አጠገብ፣ ቆመው ከሚያዩት ጋር ሌስተርን ያየሁት መሰለኝ። እሱ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 19

ዛሬ ለመጀመሪያው የውጭ ጨዋታ እንወጣለን። አውቶቡሱ ሳይነሣ ማኮርድ የክፍል ዝርዝሩን መልበሻ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ነጮቹ በሦስት ክፍል። ካልቪንና ጀምስ። ሆሬስና ቲግ። ከታች፣ በመጨረሻው መስመር፣ «ስትራውደር» ይልና አጠገቡ ባዶ ነው። ሁለት አልጋ፣ አንድ ሰው።

«ሚስተር ሄስ ፈቀዱ» አለ ማኮርድ። «እያጉረመረሙ ነው።»

ይኸው ነው? በቃ ይኸው ነው? አንድ አልጋ ባዶ ያድራል። አንድ ባዶ አልጋ! የሌስተርን አራት ዓመት የበላው፣ እኔን ጫማዬ ላይ አስጎንብሶ ያስቀረኝ ነገር ይቺ ናት? ከመስታወት ፋብሪካው እሳት ፊት ያቆመችው ይቺ ባዶ መስመር ናት? ከተደሰትኩት በላይ ተናደድኩ።

ዌንደል ዝርዝሩን አይቶ ከንፈሩን ነከሰ። ለብቻው መሆኑ ምን እንደሆነ ገብቶታል። «የበሽተኛ ክፍል አስመሰሉት» አለ።

«ከሆሬስ ጋር ሁን፣ እኔ እዚያ እገባለሁ» አልኩት።

«አይ፣ አትንካው። ሁለቱም አልጋ ላይ እየተገላበጥኩ ነው የማድረው።» ከዚያ ሳቀ። «አንተ ግን ባዶ መሆኗ አስጠልቶሃል አይደል?»

አንተ አለኝ። በመጨረሻ።

ከፒት ጠረጴዛ እስክሪብቶ አነሣሁ። ማኮርድ እያየኝ ነው። ሁሉም እያየኝ ነው። ከዌንደል ስም አጠገብ፣ ባዶው መስመር ላይ፣ በትልልቁ፣ ቀስ ብዬ ጻፍኩ።

ሌስተር ብሮድናክስ።

ካልቪን ባርኔጣውን አወለቀ። ከነጮቹ አንዱ፣ አዲስ ነው፣ «ማነው እሱ?» ብሎ ጠየቀ።

«የተረፈ ሰው» አለው ሆሬስ። «ና አውቶቡስ ላይ እነግርሃለሁ፣ ረጅም ነው።»

ማኮርድ ወደ ወረቀቱ ሄደ። ይቀደዋል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቀደው እንደገና እጽፈዋለሁ፣ ደግሞ ቢቀደው ደግሜ። ለረጅም ጊዜ ስሙን አየው። በ61 ሌስተርን ያስቀረውን ዝርዝር የጻፈው እሱ ነው። ከዚያ አንድ ጥጉ የተላቀቀውን ፕላስተር በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አጣበቀውና መብራቱን አጥፍቶ ወጣ።